ጥንጓን ማን ይወረውራል?

ጥንጓ እየተንከባለለች በመልከ ጼዴቅ እግሮች መሀል አለፈች። እሱ ግን አልተከተላትም። ዱላውን ሣሩ ላይ ለቀቀና እንደ ደከመው ሽማግሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ኮች፣ መልኬ ጡረታ ወጣ!» አለ ሙስዓብ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ የወደቀውን ዱላ አንስቶ እንደ ከዘራ ተመርኩዞት፣ ወገቡን አጉብጦ ይንገዳገድ ጀመር።

ኑርሀያት ፊሽካዋን ነፍታ ሮጠች። ዱላ የመታው መስሏት ነበር። ገና ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱን የሚመታ ልጅ አይጠፋም። አጠገቡ ተንበርክካ የሱሪውን ጫፍ ገለጠች። ደም የለም፤ እብጠትም የለም። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን ከንፈሩ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። እጁን ስትይዘው ቀዝቅዟል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

የውሃ ኮዳዋን ከፍታ አስጠጋችለት። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ስታስጠጋለት ፊቱን አዞረና ወደ ፀሐይ አየ። ኑርሀያት ያን አስተያየት ታውቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ በረመዳን፣ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይን የሚያያት እንደዚሁ ነው፤ አልነሣ እንዳለ እንግዳ።

«ጾመሃል» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

መልከ ጼዴቅ አጠገቡ ያለውን ሣር ነጨ።

ኑርሀያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ለሐይቅ ከተማ ልጆች የገና ጨዋታ የሚያስተምሩት ጋሽ ሽታው ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተለማማጅ አሰልጣኝ አድርገዋታል። ዱላ የሞላበትን ማዳበሪያ ተሸክማ ትመጣለች። እያንዳንዱን ዱላ ድንጋይ ላይ መታ እያደረገች ድምፁን ትሰማለች፤ የተሰነጠቀ ካለ ለብቻው ታስቀምጣለች። ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ፣ ጥንግ ያልያዘ ሰው እንዳይገፋ ታስተምራለች። ልጆቹ «ኮች» ይሏታል፤ ግማሹ ቀልድ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ስለሚባል፣ እሷን በግጥም መንካት መብታቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ሙስዓብ የገጠመባት ይህን ነው፦

*አሰልጣኛችን ዱላ ቆጣሪ፣*
*ጥንጓ ስትሮጥ ቆማ መካሪ።*

አንድ ነገር ግን አታደርግም። የእውነት ጨዋታ ሲጀመር ጥንጓን መሀል ሜዳ ላይ ወደ ላይ የሚወረውሯት ጋሽ ሽታው ብቻ ናቸው። ተለማማጅ ያስተምራል፣ ያርማል፣ ይዳኛል፤ ጥንግ ግን አይወረውርም። ጋሽ ሽታው ጥንጓን በእጁ የሰጡት ሰው ያን ቀን አሰልጣኝ ሆነ ማለት ነው። ወረቀትም ጭብጨባም የለውም። ኑርሀያት እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም፤ ሲወራ ብቻ ነው የሰማችው። አንዳንድ ጊዜ ተኝታ ስታስበው መዳፏ ይሞቃል።

«የጾመ አይሮጥም» የሚለውን ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም አንድ ነው። የጾመ ልጅ ከመስመር ውጪ ቆሞ የወጣችውን ጥንግ ያቀብላል። በረመዳን ኑርሀያት ራሷ ጥንግ አቀባይ ነበረች። የሕፃናቱን ልምምድ ማክሰኞና ሐሙስ ያደረገችውም ለዚሁ ብላ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኖቹ እንደሚጾሙ ታውቃለች። የገና ጾም መግባቱንም ታውቅ ነበር። ነገር ግን በሷ ሰፈር ያሉት ክርስቲያን ልጆች ጠዋት ሽሯቸውን በልተው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። የገና ጾም ማለት ሥጋና ወተት የሚቀርበት ጊዜ ማለት ብቻ ነበር የመሰላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ የአሥር ዓመት ልጅ ይኖራል ብላ አላሰበችም። የጎረቤቷን ጾም የምታውቀው መስሏት፣ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ስታስሮጠው ከረመች።

በየልምምዱ መጀመሪያ «ያልበላ አለ?» ብላ ትጠይቃለች። የመልከ ጼዴቅ እጅ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው አሁን።

«ከገባ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጥንግ አቀባይ ታደርጊኛለሽ።» ቀጥሎ ልብሷን ያዘ። «ለጋሽ ሽታው አትንገሪብኝ። በእመቤቴ።»

ኑርሀያት ልጆቹን አሰናበተች። ሙስዓብን ዱላዎቹን እንዲሰበስብ አዘዘችው፤ እሱም መልከ ጼዴቅን አንድ ጊዜ አይቶ ሳይቀልድ ሄደ። ልጁን ደግፋ ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። በግድ አፉን ከፍታ ውሃ ብታፈስበት ትችላለች፤ ትንሽ ልጅ ነው፤ አቅምም የለው። ባታፈስበት ደግሞ ልቡን ቢስትስ? ኮዳውን እንደያዘች ቆየች። በመጨረሻ የሻሿን ጫፍ በውሃ ነክራ ግንባሩ ላይ አደረገችለት። ጫማውን አወለቀችና እግሩን አራሰችው። እሱም ዐይኑን ጨፈነ።

«መንገሬ አይቀርም» አለችው ከቆይታ በኋላ። «ግን ከጨዋታ እንዲያስወጡህ ብዬ አይደለም የምነግራቸው።»

«እና ለምን ብለሽ ነው?»

ሻሿን ደግማ ነከረች።

ከቅዳሴ በኋላ የመልከ ጼዴቅ አባት ቄስ አብተው በሜዳው ዳር ያልፋሉ፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው ልጃቸውን የሚወስዱት። ከሩቅ ነጭ ጥምጥማቸውን ስታይ ኑርሀያት ብድግ አለች። የአንድ ቄስ ልጅ፣ በጾም፣ በእስላም ልጅ እጅ ወደቀ። ነገ ገበያ ላይ እንዴት ተደርጎ እንደሚወራ መገመት አያዳግትም።

ቄስ አብተው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያም ርጥቡን ሻሽ አዩ። መስቀላቸውን አሳለሙትና ከነጠላቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡለት። ልጁ መብላት ጀመረ።

«አባ፣ ወደቀብኝ» አለች ኑርሀያት። «መጾሙን አላወቅኩም ነበር። ባውቅ አላስሮጠውም።»

«ውሃ ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት። እንቢ አለኝ። አላስገደድኩትም።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከልጁ ጥቂት ራቅ አደረጓትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይኒቱ ደሴ ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተዋል። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብለዋል። ልጁን ጹም ያለው የለም፤ ዕድሜውም ገና ነው። እናቱ የተወሰደችው ጾሙ በገባ ዕለት ነው፤ ያን ቀን ራሱ ጀመረው፤ እሳቸውም ያወቁት ከሰነበተ በኋላ ነው።

«ተው ካልኩት ይተዋል፤ ይታዘዘኛል» አሉ። «ግን እናቱን የተዋት ነው የሚመስለው። ጨዋታውንም ተው ማለት አልቻልኩም። እሷ ከተኛች ወዲህ ስቆ ያየሁት ከዚህ ሜዳ ሲመለስ ብቻ ነው።» ቀጥታ ዐይኗን አዩ። «አሰልጣኙ አንቺ ነሽ። ምን ላድርገው?»

ኑርሀያት ደነገጠች። ልጆቹ «ኮች» ሲሏት ይስቃሉ፤ ለጋሽ ሽታው «ተለማማጇ» ናት። ትልቅ ሰው፣ ለዚያውም የነፍስ አባት የሆነ ሰው፣ ሳይስቅ አሰልጣኝ ብሎ ምክር ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

ማታ እናቷ ዑምኩልሱም እንደ ልማዷ የኑርሀያትን ቅልጥም በእጇ እየዳሰሰች መረመረች። ልጇ ዱላ ከያዘች ጀምሮ ሳትዳስስ አታስተኛትም። አንድ ቀን ዐይኗን ትመታለች የሚል ፍርሃት አላት፤ ደሴ ለውድድር ትሄዳለች ከተባለ ወዲህ ደግሞ ፍርሃቱ መኪናንም መንገድንም ጨምሯል። ዘንድሮ የሴት ልጆች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋቁሟል፤ ከጥምቀት በኋላ ደሴ ሄዶ ይጫወታል። ኑርሀያት የቡድኑ ተከላካይ ናት። እናቷ አትሂጂ አላለቻትም፤ ብቻ ከአሮጌ ጋቢ ሁለት ወፍራም የቅልጥም መጠቅለያ ሰፍታላታለች።

የልጁን ነገር ስትሰማ እጇ ቆመ።

«የሰው ጾም ውስጥ እጅሽን አታስገቢ» አለች። «ነግሬሻለሁ። ቢብስበት ኖሮ ምን ሊባል ነበር? ያ አላህ።» ከዚያም ያልገባት ነገር እንዳለ ሁሉ ግንባሯን ቋጠረች። «የማን ልጅ ነው ያልሽኝ?»

«የቄስ አብተው። እናቱ ወይኒቱ ይባላሉ። ደሴ ተኝተዋል አሉ።»

ዑምኩልሱም ያን ጊዜ የነገረቻትን ኑርሀያት ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። ኑርሀያት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሙሉ ቀን እጾማለሁ ብላ አልቅሳ፣ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ወድቃ ነበር። ቤት ያመጣቻት ወይኒቱ ናት፤ ያኔ በአንድ ሰፈር ይኖሩ ነበር። አዝላ አመጣቻት።

«ውሃው እዚያው እጇ ላይ ነው፤ አንድ ጠብታ አላስቀመሰችሽም» አለች እናቷ። «ግንባርሽን ብቻ አርሳ አመጣችሽ። ‹ጾሟን እኔ አልፈታባትም፤ እናቷ ትፍታባት› አለችኝ። እኔም ቴምር አጎረስኩሽ። ስትነቂ ፈታችሁብኝ ብለሽ ሦስት ቀን አኮረፍሽኝ።»

ኑርሀያት ወንበር ላይ የተሰጣውን ሻሿን አየች። ገና አልደረቀም።

«ነገ ለወይኒቱ የሚላክ ነገር አዘጋጃለሁ» አለች እናቷ፣ እንደ ተቆጣ ሰው። «መታመሟን ማንም አልነገረኝም።» መብራቱን ካጠፋች በኋላ ግን ከአልጋዋ ሆና አንድ ጊዜ ተናገረች። «ልጁን እንዳትጥዪው።»

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ኑርሀያት ጋሽ ሽታው ቤት ሄደች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የወይራ እንጨት በፍም ያሞቁ ነበር። እንጨቱ ሲሞቅ ጫፉን በጉልበታቸው ተጭነው ቀስ እያሉ ያጎብጡታል፤ ከዚያ በገመድ አስረው ጥላ ውስጥ ይሰቅሉታል። ያን ጊዜ ማንም እንዲያናግራቸው አይወዱም፤ የቸኮለ እጅ እንጨቱን ይሰብረዋል። ገመዱን እስኪቋጥሩ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ልጁ አትንገሪብኝ ማለቱንም ጭምር።

«የጾመ አይሮጥም» አሉ ጋሽ ሽታው።

«ደንቡን አይለውጡት። ሰዓቱን እንለውጠው። ዘጠኝ ላይ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ይጫወታል።»

እሳቸውም እንጨቱን አስቀምጠው ሰዓቱን አብረዋት ፈለጉ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ሜዳው የእግር ኳስ ቡድኑ ነው። ቅዳሜ ልጆቹ ቤተሰብ ይረዳሉ፤ እሑድ ሜዳው ለግጥሚያ ይያዛል። ደሴ እስኪኬድ ድረስ ደግሞ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ የሴት ልጆቹ ቡድን ይለማመድበታል። እነሱን የሚያሠለጥኑት ጋሽ ሽታው ራሳቸው ናቸው።

«በባሕር ዛፎቹ በኩል ከመስመር ውጪ ጠበብ ያለ የሣር ቦታ አለ» አለች ኑርሀያት። «ለሕፃናቱ ይበቃል። ሴቶቹ ሜዳው ላይ፣ እነሱ እዚያ።»

«ይበቃል። ማን ያሠለጥናቸዋል?»

ኑርሀያት ፍሙን አየች።

«በልምምድ ሁለት ቀን የቀረች ደሴ አትሄድም ብያለሁ» አሉ ጋሽ ሽታው። ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «ለካፒቴኗም ቢሆን አላነሣውም። ሜዳው አንድ ነው። አንቺም አንድ ነሽ።»

«ሌላ የሚያሠለጥናቸው ሰው የለም?»

«ቢኖር አንቺን አስቸግር ነበር? ወይ ልጁ ጥንግ ያቀብል። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ አይሞትም። ሂጂ አልልሽም፤ ቅሪም አልልሽም።» ሌላ እንጨት አንሥተው ፍሙ ላይ አደረጉ። ንግግሩ አበቃ ማለት ነው።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ለእየሩስ ነገረቻት። እየሩስ የቡድኑ ካፒቴን ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላት።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ለአንድ ሕፃን ብለሽ?» እየሩስ ድምፅዋን ቀነሰች። «እሺ ስሚ። ለጋሽ ሽታው ጾሙን ትቷል በያቸው። አንቺ ደግሞ ብዙ አታስሩጪው። ማን ያውቃል?»

«እሱ ያውቃል።»

«ማን፣ ልጁ?»

«ልጁ። ትቷል ብዬ ሲሰማኝ ምን ይላል? እየጾመ ነው እኮ።»

እየሩስ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ቀጥሎ የተናገረችው ነው ኑርሀያትን የጎዳት፤ ምክንያቱም ቁጣ አልነበረበትም። «ከኋላዬ አንቺ ስትኖሪ ዞሬ አላይም። ጥንጓ ብታልፈኝም አልፈራም። አሁን ማንን ነው የማቆመው? ሱንዱስ እኮ ዱላ አያያዝ እንኳ ገና ነች። ደሴ አብረን ነበር የምንሄደው፤ አንድ ወንበር ላይ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ እሺ።» ደወሉ ተደወለ። እየሩስ ሳትጠብቃት ገባች።

ኑርሀያት ያን ቀን መምህሩ ያሉትን አንዱንም አልሰማችም። ደሴን አሰበች። መናኸሪያውን፣ የማታውቀውን ሜዳ፣ ስሟ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ። ደጋግማ ያሰበችው ይህን ሁሉ ነው። ከዚያ ደግሞ ከመስመር ውጪ ዱላ ሳይዝ ቆሞ የሌሎችን ጥንግ የሚያቀብል ልጅ ታያት። ሁለት ሳምንት አይገድልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለልጁ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ቤቱ ገብቶ ባዶውን አልጋ ያያል፤ ወጥቶ ሲጫወቱ ያያል። ከሁለቱ መሀል የሚውልበት የለውም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ዱላ የሞላበትን ማዳበሪያ ተሸክማ ሜዳው ደረሰች። ሴቶቹ ልብሳቸውን እያሰናዱ ነበር። ሐይቁ ከወዲያ ማዶ ብርማ ሆኗል። ኑርሀያት ወደ እየሩስ አልሄደችም። ከዳር ሆና ጫማዋን የምታስረዋን ተጠባባቂዋን ሱንዱስን ጠራቻትና የራሷን የወይራ ዱላ ሰጠቻት። የእናቷንም የቅልጥም መጠቅለያ ከቦርሳዋ አውጥታ ጨመረችላት።

«ዱላው ትንሽ ወደ ግራ ይስባል» አለቻት። «እየሩስ ወደ ፊት ስትሮጥ አትከተያት። ቦታሽን ይዘሽ ቁሚ። እሷ ዞራ አታይም።»

ሱንዱስ ዱላውን በሁለት እጇ ተቀበለች። እየሩስ ከመሀል ሜዳ ሆና ሁሉን አየች። ፊቷን አዞረች።

ሕፃናቱ ባሕር ዛፎቹ ጋ ተሰብስበው ነበር። በአሥር ሰዓት መጠራታቸው ገርሟቸዋል። ሙስዓብ «ኮች፣ ዛሬ የማታ ክፍል ገባን እንዴ?» ብሎ አሳቃቸው። ኑርሀያት ዱላዎቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እየመታች ሰማች። መስመር በእግሯ አሰመረች። ሁለት ቡድን አደረገቻቸው። አንደኛው ቡድን አንድ ሰው ጎደለው።

«መልኬ የለም» አለ ሙስዓብ።

«ይመጣል።»

በእውነቱ እርግጠኛ አልነበረችም። ከትምህርት ቤት እንደወጣች በአሥር ሰዓት ና ብላ በሰው ልካበታለች፤ መልእክቱ ይድረስ አይድረስ አታውቅም። ቄስ አብተው ዛሬ ቀዶ ሕክምናው ስለሆነ ደሴ ሄደዋል ተብሏል። ልጁ ብቻውን ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ብቻውን ይመጣል፤ ወይም አይመጣም።

ከሜዳው የሴቶቹ ጥንግ እየተንከባለለች መጥታ እግሯ ሥር ቆመች። ሱንዱስ አሳልፋት ነው። ኑርሀያት ጎንበስ ብላ አነሣቻት። ለአንድ አፍታ መዳፏ ውስጥ ይዛት ቆየች፤ ከዚያ መለሰቻት። የተቀበለቻት እየሩስ ናት። አላመሰገነችም፤ ግን ጥንጓን ይዛ ከመዞሯ በፊት ሕፃናቱን፣ መስመሩን፣ የጎደለውን ቦታ አየች።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ሽታው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ባሕር ዛፎቹ የመጡት። ሕፃናቱ ተሰለፉ። እሳቸው ሲመጡ ልምምድ ቀርቶ የእውነት ጨዋታ እንደሚጀመር ያውቃሉ። ጋሽ ሽታው የሕፃናቱን ትንሽ ጥንግ ከኪሳቸው አወጡ። ዙሪያዋን በአውራ ጣታቸው አሻሿት። መሀል ላይ ደርሰው እንደ ወትሮው አልቆሙም፤ ኑርሀያት ጋ መጥተው መዳፏን በግራ እጃቸው ገለበጡና ጥንጓን አስቀመጡባት። ጣቶቿንም ራሳቸው አጠፉላት።

ሄደው ከሕፃናቱ መስመር ጫፍ፣ ጥንግ አቀባይ በሚቆምበት ቦታ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

ሙስዓብ አፉን ከፈተ፤ የሚቀልደው አጣ። ከሜዳው በኩልም የሴቶቹ ዱላ መጋጨት ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ኑርሀያት ሲሞቃት የምታውቀው መዳፏ ቀዝቅዟል። ጥንጓ ከምታስበው በላይ ትከብዳለች።

ከመንገዱ በኩል መልከ ጼዴቅ ታየ። ሮጦ ነው የመጣው። ሜዳው ዳር ሲደርስ ሁሉም ተሰልፈው፣ ጥንጓም በኮቹ እጅ ሆና አየና ደነገጠ። በእጁ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አለ፤ ጨርቁ አልተፈታም። ቅዳሴው ቆይቶበታል፤ መንገድ ላይ ቆሞ መብላቱ እንዳያስቀረው ፈርቶ ዝም ብሎ ሮጧል። ዳቦውን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ዱላ ለማንሣት ጎንበስ አለ።

«መልኬ» አለች ኑርሀያት። «ቁጭ ብለህ ብላ።»

«በኋላ እበላለሁ።»

«አሁን። ውሃው ኮዳው ውስጥ አለ።»

ልጁ ወደ ጋሽ ሽታው አየ። እሳቸው ሐይቁን ነው የሚያዩት። ዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ አማተበ፤ ዳቦውን ቆረሰ። መጀመሪያ ተስገበገበ፤ ማንም እንደማይጀምር ሲያይ ግን አጎራረሱን ቀነሰ። ፀሐይ ወደ አምባሰል ተራሮች ዘንበል ብላለች። ጨዋታው ሊያጥር ነው። ከመስመሩ ውስጥ መቁነጥነጥ ተጀመረ። ሙስዓብ አሁን የሚለው አገኘ፤ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ በቀስታ አዜመ፦

*አሰልጣኛችን ዳቦ ጠባቂ፣*
*ጥንጓን ጨብጣ እኛን አስጨናቂ።*

ሌሎቹ ተቀበሉት። መልከ ጼዴቅ አፉ ሙሉ እንደሆነ ሳቀ፤ ፍርፋሪው ደረቱ ላይ ወረደ። ኑርሀያት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። መሀል መስመር ላይ ቆማ ጥንጓን በሁለት እጇ ያዘች። ልጁ የመጨረሻውን ጉርሻ አላምጦ፣ ውጦ፣ ኮዳውን አንሥቶ እስኪጠጣ ጠበቀችው።